ቤቴ ፊት ያለውን የመንገድ ዛፍ ማስቆረጥ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ «ዋሽንግተን ዲሲ፣ ፔትዎርዝ ውስጥ ቤት ከገዛን ዓመት ሊሞላን ነው። ከበራችን ፊት ለፊት፣ በእግረኛ መንገዱና በአስፋልቱ መካከል ትልቅ ዊሎው ኦክ አለ። ሥሩ የእግረኛ መንገዱን ስላነሣው እናቴን አደናቅፎ ጥሏቸዋል። ባለፈው ሰመር ደግሞ ቅርንጫፍ ወድቆ የመኪናችንን መስታወት ሰበረ። በፒክአፕ እየዞረ ዛፍ የሚቆርጥ አንድ ሰው ‹ቤትህ ፊት ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልግም፤ በካሽ በአንድ ቀን እጥልልሃለሁ› ብሎኛል። ጓሯችንም ውስጥ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ ባቅፈው ጣቶቼ የማይገናኙ ሌላ ዛፍ አለ። ሁለቱንም አስቆርጬ በምትካቸው ኮክ ወይም የአገራችንን ዋንዛ መትከል እፈልጋለሁ። ሕጉ ምን ይላል?»

መልስ፦ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ከሁሉ በፊት ያንን ሰው «አይሆንም» ብለው ይመልሱት። የነገረዎት ነገር ትክክል አይደለም፤ እሱ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል፣ ጣጣው ግን እርስዎ ላይ ይቀራል።

በእግረኛ መንገዱና በአስፋልቱ መካከል ባለው አፈር ላይ የቆመ ዛፍ የከተማው ንብረት ነው። ቤትዎ ፊት ስለበቀለ የእርስዎ አይሆንም። የተከለከለው መቁረጡ ብቻ አይደለም፤ ቅርንጫፉን መግረዝ፣ ሥሩን መቁረጥ፣ በአጠገቡ ሌላ ዛፍ መትከልም ያለ ፈቃድ አይቻልም። ኃላፊው በተለምዶ ዲዶት የምንለው የዲሲ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። በውስጡ የከተማ ደን ክፍል አለ፤ ክፍሉም ለእያንዳንዱ ዎርድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ የከተማው አስተዳደር ክፍል፣ የዛፍ ባለሙያ፣ ማለትም አርቦሪስት፣ መድቧል። ንብረቱ የከተማው ስለሆነም መመርመሩ፣ መግረዙ፣ ካስፈለገ መቁረጡና ጉቶውን ማንሣቱ ሁሉ በከተማው ወጪ ነው። ያ ሰው ሊያስከፍልዎ ያሰበው ሥራ በሕጋዊ መንገድ ሲሠራ በነፃ ነው።

ብዙ ወገኖቻችን የማያውቁት አንድ ነገር ልጨምር። በዲሲ የቆዩ ሰፈሮች፣ ተያይዘው የተሠሩት ቤቶች ባሉበት፣ ከእግረኛ መንገዱ እስከ ቤትዎ ግድግዳ ድረስ ያለው የፊት ለፊት አትክልት ቦታ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ የሕዝብ መሬት ነው። ነገሩ የሚጀምረው በ1870 ኮንግረስ ካወጣው ሕግ ነው፤ የከተማዋ መንገዶች ከመጠን በላይ ሰፊ ስለነበሩ ከዳርና ከዳር ያለው ቦታ ለአትክልት እንዲውል፣ ባለቤቱ እየተንከባከበው ባለቤትነቱ ግን የመንግሥት ሆኖ እንዲቆይ ተደረገ። ስለዚህ አጥርዎ ውስጥ፣ ደረጃዎ አጠገብ ያለ ዛፍ እንኳ የእርስዎ ላይሆን ይችላል። ቤቱን ሲገዙ ከተሰጡዎት ወረቀቶች መካከል የመሬቱን ወሰን የሚያሳየውን ንድፍ አውጥተው ይዩት። ካልገባዎ መጋዝ ከመነሣቱ በፊት አርቦሪስቱን ይጠይቁ።

ከተማዋ በዛፍ ጉዳይ ጠንካራ የሆነችው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1870ዎቹ መጀመሪያ አሌክሳንደር ሼፐርድ ከተማዋን በሚመራበት ጊዜ 60,000 ገደማ ዛፎች በመንገዶቿ ላይ ተተክለው ነበር፤ ዋሽንግተን የዛፍ ከተማ የተባለችው ከዚያ ወዲህ ነው። በኋላ በበሽታ፣ በግንባታና በቸልተኝነት እጅግ ብዙ ዛፍ አለቀ። አሁን የከተማው ዕቅድ በ2032 ከመሬቷ 40 በመቶው በዛፍ ጥላ እንዲሸፈን ነው። በጁላይ እኩለ ቀን ላይ ጆርጂያ አቬኑን በእግር ሄደው፣ ከዚያ ወደ እናንተ መንገድ ሲታጠፉ የሚሰማዎት ቅዝቃዜ የእነዚያ ዛፎች ሥራ ነው። ዊሎው ኦክ እዚያ መጠን ላይ ለመድረስ የሰው ዕድሜ ያህል ይፈልጋል። ለዚህ ነው እኔም ሰው ሊቆርጥ ሲነሣ መጀመሪያ «ሳይቆረጥ የሚፈታ ነገር ነው ወይ?» ብዬ የምጠይቀው። የእርስዎን ችግር ሳነበው አብዛኛው ሳይቆረጥ የሚፈታ ነው።

ከመንገዱ እንጀምር። ሥር የእግረኛ መንገድ የሚያነሣው ሲሚንቶው ሥር እርጥበትና አየር ስለሚያገኝ ነው። የዛፍ ሥር አብዛኛው ከመሬት ወለል ከሁለት ጫማ በታች አይወርድም፤ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ሲወፍርም በላዩ ያለውን ያነሣል። መንገዱ መነሣቱ ዛፉ ሊወድቅ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ግን እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፦ ሲሚንቶውን ያስነሣና ሥሩን በመጥረቢያ አስቆርጦ እንደገና ያስለስናል። ግንዱ ላይ ተጠግቶ ወፍራም ሥር መቁረጥ ማለት ዛፉ የቆመበትን እግር መቁረጥ ነው። እኛ በሙያው የምንይዘው ልክ የግንዱን ውፍረት ቢያንስ ሦስት እጥፍ፣ ቢቻል አምስት እጥፍ ያህል ርቆ መቁረጥ ነው። የእርስዎ ኦክ ውፍረቱ 30 ኢንች ቢሆን ከ90 ኢንች፣ ማለትም ከሰባት ጫማ ተኩል፣ ባነሰ ርቀት ወፍራም ሥሩ መነካት የለበትም። የእግረኛ መንገዱ ደግሞ ከዚያ የቀረበ ነው። ያለ ልክ የተቆረጠ ሥር ወዲያው ጉዳቱ አይታይም፤ ከዓመታት በኋላ መሬቱ በዝናብ ሲርስና ነፋስ ሲመጣ ነው ዛፉ ተገንድሶ ቤት ላይ የሚያርፈው።

የእግረኛ መንገዱን የሚጠግነው ከተማው ነው። ወደ ከተማው የአገልግሎት መጠየቂያ ቁጥር 311 ደውለው ወይም በስልክዎ መተግበሪያ «የእግረኛ መንገድ ጥገና» ብለው ያመልክቱ፣ ያነሣው የዛፍ ሥር መሆኑንም ይግለጹ። በዲሲ ለእንዲህ ያለ ቦታ ከተፈጨ የመኪና ጎማና ከጠጠር የሚሠራ፣ ውኃ የሚያሳልፍና ከሥሩ ጋር የሚለመጥ ንጣፍ ሲጠቀሙ አይቻለሁ፤ ለኦክ በጣም ጥሩ መፍትሔ ነው፣ እርስዎም በስም ጠርተው ይጠይቁ፦ ፍሌክሲ ፔቭ ይባላል። ሲያመለክቱ የሚሰጥዎትን ቁጥር በደንብ ይያዙት።

ያ ቁጥር የሚያስፈልገው ለክትትል ብቻ አይደለም። እናትዎ ተጎድተው ከሆነና መኪናዎ ላይ ለደረሰው ጉዳት ካሣ ለመጠየቅ ካሰቡ፣ በዲሲ ሕግ መሠረት አደጋው በደረሰ በ6 ወር ውስጥ ለከተማው በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ጊዜውን፣ ቦታውን፣ ምክንያቱንና ሁኔታውን ገልጸው ለከተማው የሪስክ ማኔጅመንት ቢሮ ያስገባሉ። 6 ወሩ ካለፈ በሩ ይዘጋል። መስታወቱ የተሰበረው ባለፈው ሰመር ነው ብለዋልና ቀኑን ዛሬውኑ ይቁጠሩ። ለ311 መደወል ብቻውን ይህን የጽሑፍ ማሳወቂያ አይተካም። እኔ የዛፍ ሰው እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ነገሩ ከበድ ካለ ጠበቃ ያማክሩ። ነገር ግን የተነሣውን ሲሚንቶ አጠገቡ ማስመሪያ አቁመው ፎቶ ማንሣት፣ የወደቀውንም ቅርንጫፍ ስብራቱ እንዲታይ አድርጎ ማንሣት ማንንም አይጎዳም። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ «ከተማው አደጋውን አስቀድሞ ያውቅ ነበር ወይ?» የሚለው ላይ ነውና ቀደም ያለ የ311 ቁጥር ያለው ሰው የሚናገረው አለው።

ወደ ቅርንጫፉ ልምጣ። ትልቅ ኦክ የደረቀ ቅርንጫፍ አያጣም፤ ጥላ ውስጥ የቀሩትን የታች ቅርንጫፎች ራሱ ያደርቃል፣ ከዚያ ይጥላል። ይህ በግርዘት የሚፈታ ነው። ለ311 «የዛፍ ምርመራ» ብለው ያመልክቱ፤ የዎርዱ አርቦሪስት መጥቶ አይቶ ይወስናል። እውነቱን ለመናገር፣ አጣዳፊ ያልሆነ ግርዘት ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቅርንጫፍ ተሰብሮ ተንጠልጥሎ ከሆነ ወይም ዛፉ መንገድ ላይ ከወደቀ ግን ሌሊትም ቢሆን ይደውሉ፣ አጣዳፊ መሆኑንም ይናገሩ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከነካ አይጠጉ፤ ለኤሌክትሪክ ድርጅቱ ለፔፕኮ ይደውሉ። ሽቦ አጠገብ ያለውን ቅርንጫፍ የሚቆርጠው በዚያ የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው፤ ማንኛውም ሌላ ሰው ከሽቦው ቢያንስ 10 ጫማ መራቅ አለበት።

እስኪመጡ ድረስ እርስዎ ራስዎ ሊያዩት የሚችሉት ነገር አለ። ግንዱ ሥር እንጉዳይ በቅሏል? ግንዱ ላይ ወደ ላይ የሚሄድ ስንጥቅ አለ? ዛፉ ቀድሞ ያልነበረው ማዘንበል አምጥቶ በተቃራኒው በኩል አፈሩ ተሰንጥቋል? በጁን ወር ከአናቱ በኩል ቅጠል ያላወጣ ሰፊ ክፍል አለ? ከእነዚህ አንዱን ካዩ በማመልከቻው ላይ በግልጽ ይጻፉት። «ዛፉ ያስፈራኛል» የሚል ማመልከቻና «በስተምሥራቅ በኩል ግንዱ ሥር የሰሐን ስፋት ያለው እንጉዳይ አለ» የሚል ማመልከቻ እኩል ቦታ አያገኙም።

ግርዘቱ ሲሠራ ደግሞ ቆመው ይዩ። ቅርንጫፍ ከግንድ በሚገናኝበት ቦታ ዙሪያውን ትንሽ ያበጠ፣ ቅርፊቱ የተጨማደደ ቀለበት ይኖራል፤ በጣት ሲዳስሱት ይታወቃል። ትክክለኛ ቆራጭ መጋዙን ከዚያ ቀለበት ልክ ውጪ ነው የሚያሳርፈው። ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው ከዚያ ቀለበት በሚያበቅለው አዲስ ቅርፊት ነው። ቀለበቱን ጨምሮ ከግንዱ ጋር አስተካክሎ ከላጨው ቁስሉ አይዘጋም፤ ክንድ የሚያህል ርዝመት አስቀርቶ ከቆረጠው ደግሞ ቀሪው ደርቆ በስብሶ መበስበሱ ወደ ግንዱ ይገባል። ወፍራም ቅርንጫፍ በአንድ ምት አይቆረጥም፦ መጀመሪያ ከሥር በኩል ይጫራል፣ ቀጥሎ ትንሽ ራቅ ብሎ ከላይ ይቆረጥና ክብደቱ ይወርዳል፣ በመጨረሻ የቀረው ቀለበቱ አጠገብ በጥንቃቄ ይነሣል። እንዲህ ካልሆነ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ይዞ ይላጣል። ቁስሉ ላይ ቀለም መቀባትም ጥቅም የለውም። በአንድ ጊዜ ከዛፉ ሕያው ቅጠል ከሩብ በላይ መነሣት የለበትም። ለኦክ የሚመረጠው ጊዜ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች ያለው ነው።

አናቱን ስለ መጎመድ ለብቻው ልናገር፤ በጣም የሚያሳዝነኝ ነገር ነውና። «ብዙ አትቁረጠው፣ ከላይ ብቻ አሳጥርልኝ» የሚሉ ሰዎች ለዛፉ ያዘኑለት ይመስላቸዋል። አናቱ የተጎመደ ዛፍ በድንጋጤ ከየጉማጁ ጫፍ ቀጫጭን ቅርንጫፎችን በብዛት ያወጣል፤ እነዚህ ከቅርፊቱ ሥር ብቻ የተያያዙ ናቸው፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ቀድሞ ቁመታቸው ይደርሱና በነፋስ ይገነጠላሉ። አደጋ ይቀንሳል የተባለው አደጋ ይብስበታል። የዲሲ ሕግም አናት መጎመድን ከመቁረጥ ለይቶ አያየውም፤ ቅርፊቱን ዙሪያውን ልጦ ማድረቅንም እንዲሁ።

አሁን ወደ ጓሮዎ እንግባ። እዚህ ዛፉ የእርስዎ ነው፤ ሆኖም ሕጉ እስከ ጓሮዎ ድረስ ይገባል። በ2002 የወጣው፣ በ2016 የጠበቀው የዲሲ የከተማ ደን ጥበቃ ሕግ ዛፍን በዙሪያ ልኩ ይለያል። ከመሬት 4 ጫማ ተኩል ከፍታ ላይ፣ ደረት አካባቢ ማለት ነው፣ የልብስ ሰፊ ሜትር በግንዱ ዙሪያ ያዙሩ። ከ44 ኢንች በታች ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግዎትም። ከ44 ኢንች ጀምሮ 100 ኢንች ያልሞላው ስፔሻል ትሪ ይባላል፤ ለመቁረጥ ፈቃድ ያስፈልጋል። 100 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነው ሄሪቴጅ ትሪ ነው፤ አደገኛ መሆኑ በባለሙያ ካልተረጋገጠ በቀር መቁረጥ ፈጽሞ አይቻልም፣ ቢበዛ ነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ነው።

የሰው ሁለት ክንድ ሲዘረጋ ከቁመቱ ጋር ይቀራረባል። ጣቶችዎ ካልተገናኙ ዙሪያው ወደ 70 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ስለዚህ ዛፍዎ ቢያንስ ስፔሻል ትሪ ነው። ጤነኛ ሆኖ መቁረጥ ከፈለጉ ወይ በሕጉ ላይ በሰፈረው ተመን ለእያንዳንዱ ኢንች ዙሪያ 55 ዶላር ለከተማው የዛፍ ፈንድ ይከፍላሉ፣ ወይም ድምር ዙሪያቸው የተቆረጠውን የሚያህል ችግኞች ይተክላሉ። ለ70 ኢንች ክፍያው 3,850 ዶላር ነው። ያለ ፈቃድ ከተቆረጠ ቅጣቱ ለእያንዳንዱ ኢንች ከ300 ዶላር አያንስም፤ ለዚያው ዛፍ 21,000 ዶላር ማለት ነው። የመቁረጫው ዋጋ ገና አልተጨመረም።

አደገኛ ዛፍ ግን ክፍያ የለበትም፤ ፈቃዱ በነፃ ይሰጣል። እንዲሁም ሦስት ዓይነት ዛፎች ከክፍያው ነፃ ናቸው፤ ምናልባት የእርስዎ ከነዚህ አንዱ ሊሆን ስለሚችል ቅጠሉን ቀጥፈው ይዩ። አይላንተስ በአንድ ዘንግ ላይ ብዙ ትናንሽ ቅጠሎች በሁለት ወገን የሚደረደሩለት፣ ሲያሹት መጥፎ ሽታ የሚሰጥ ነው። መልበሪ በሰመር መጀመሪያ እጅና ምንጣፍ የሚያቀልም ጥቁር ፍሬ ይጥላል። ኖርዌይ ሜፕል ከሌላው ሜፕል ጋር ይመሳሰላል፣ ግን የቅጠሉን እጀታ ሰበር ሲያደርጉት እንደ ወተት ያለ ነጭ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ ስኳር ሜፕልና ቀይ ሜፕል ይህ የላቸውም። ከነዚህ ቢሆንም ፈቃዱን አስቀድመው ያውጡ፤ ማመልከቻው የሚቀርበው በዲዶት የኦንላይን ሥርዓት ነው። ግንዱ በእርስዎና በጎረቤትዎ ወሰን ላይ ከቆመ የሁለታችሁ ነውና ያለ ጎረቤትዎ ስምምነት አይነካም።

የሚቆርጥልዎትን ሰው ሲመርጡ የአርቦሪስት የሙያ ማረጋገጫውን፣ የተጠያቂነት ኢንሹራንሱንና የሠራተኞቹን የጉዳት ኢንሹራንስ ይጠይቁ። ወረቀቱን ከእሱ እጅ ሳይሆን ከኢንሹራንስ ድርጅቱ በቀጥታ ያስልኩት። ሠራተኛ ከዛፍዎ ላይ ወድቆ ኢንሹራንስ ከሌለው እርስዎ፣ የቤቱ ባለቤት፣ ሊከሰሱ ይችላሉ። በአውሎ ነፋስ ማግሥት በር እያንኳኳ «ዛሬ ካልቆረጥኩት ይወድቃል» የሚል ሰው ጋር አይዋዋሉ።

ስለ መትከል የጠየቁትን በአጭሩ ልመልስ። መንገድ ዳር የሚተከለውን ዛፍ ዓይነት የሚመርጠው አርቦሪስቱ ነው፤ ከላይ ሽቦ አለ ወይስ የለም፣ የአፈሩ ቦታ ምን ያህል ይሰፋል፣ የመንገድ መብራትና የእሳት አደጋ ውኃ መቅጃ ምን ያህል ይቀርባል የሚለውን አይቶ ነው። ፍላጎትዎን ቢነግሩት ያዳምጥዎታል። ባዶ ቦታ ካለ ለ311 «ዛፍ ይተከልልኝ» ማለት በቂ ነው፣ ተከላው በነፃ ነው፤ ወቅቱም ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ያለው ቀዝቃዛ ጊዜ ነው። ኮክ መንገድ ዳር አይሆንም፦ ፍሬው ይረግፋል፣ ሰው ያንሸራትታል፣ ንብና አይጥ ይስባል። ጓሮ ውስጥ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ካለዎት ግን ይትከሉት፤ ለዲሲ አየር ጥሩ ነው። ዋንዛን በተመለከተ ናፍቆትዎ ይገባኛል፤ የዚህ አገር ዊንተር ግን አይምረውም። ኮሶም እንዲሁ። ከመቆፈርዎ በፊት፣ ለአንድ ችግኝም ቢሆን፣ 811 ይደውሉ፤ የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመር ያለበትን በነፃ መጥተው ምልክት ያደርጉልዎታል።

ከተማው አዲስ ዛፍ ሲተክል ውኃ ማጠጣቱ የሰፈሩ ሰው ድርሻ ይሆናል፤ ዲዶት ለዚህ ካኖፒ ኪፐር የተባለ ፕሮግራም አለው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ዝናብ በሌለበት ሳምንት ሁሉ 25 ጋሎን ውኃ ያስፈልገዋል። ሆም ዲፖ የሚሸጠው ባልዲ 5 ጋሎን ነውና አምስት ባልዲ ማለት ነው፤ ቀስ ተብሎ ይፈስስ። ከተከላ በኋላ ብዙ ችግኝ የሚሞተው በጁላይና በኦገስት በውኃ ጥማት ነው።

ለቆመው ኦክም ቢሆን እርስዎ የሚያደርጉለት አለ። ግንዱ ዙሪያ ሁለት ሦስት ኢንች ጉዝጓዝ (የተፈጨ እንጨትና ቅርፊት) ይበትኑ፣ ግንዱን ግን እንዳይነካው፤ ብዙ ሰው ጉዝጓዙን ግንዱ ላይ ይከምረዋል፣ ቅርፊቱ እርጥብ ሆኖ ይበሰብሳል። ተጨማሪ አፈር አይደፉበት፤ ሥሩ አየር ያጣል። አበባ መትከል ይችላሉ፣ ቁመቱ ከ18 ኢንች የማይበልጥ፣ በጥልቀት የማያስቆፍር። አይቪ ሐረግ ግንዱ ላይ እንዲወጣ አይተዉት። ሚስማር፣ የመብራት ገመድ፣ የማስታወቂያ ሽቦ አይመታበት። በዊንተር በረዶ ለማቅለጥ ጨው ሲበትኑ ከዛፉ አፈር ያርቁት።

ይህን የሚያነቡ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ከላይ ያሉት ልኮችና ክፍያዎች የዲሲ ብቻ ናቸው። በሜሪላንድ የመንገድ ዳር ዛፍ ከ1914 ጀምሮ በራሱ ሕግ የሚጠበቅ ነው፤ ለመግረዝም ለመትከልም ለመቁረጥም ከክልሉ የደን አገልግሎት ፈቃድ ይጠይቃል፣ ሥራውንም የሚሠራው የክልሉ የዛፍ ባለሙያ ፈቃድ ያለው ሰው ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ያላችሁ ለካውንቲው 311 አመልክቱ። ቨርጂኒያ ውስጥ እንደ ከተማውና እንደ ካውንቲው ይለያያል፤ አሌክሳንድሪያ የሚሠራው ፌርፋክስ ላይሠራ ይችላል።

የጓሮውን ዛፍ ዙሪያ ልክ፣ የቅጠሉን ከፊትም ከጀርባም የተነሣ ፎቶ፣ የግንዱን ሥር የሚያሳይ ሌላ ፎቶ ጨምረው ቢጽፉልኝ ዓይነቱን ለይቼ ፈቃዱ በየትኛው መንገድ እንደሚጠየቅ እነግርዎታለሁ።